«መኪናዬ ጎማ ትበላለች»፦ ስለ ጎማ ልክ፣ ስለ ንፋስ እና ስለ አበላል የሚነገሩ ስህተቶች

ጎማ ከጊዜው በፊት ሲያልቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጎማው ነው። «የዘንድሮ ጎማ እንደ ድሮው አይደለም» ይባልና ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው ጎኑ ይበላል። በእኔ አስተያየት ያለቀ ጎማ ከመጣሉ በፊት መነበብ አለበት። ስንት ንፋስ ይዞ እንደኖረ፣ ከላዩ ያለው ሾክ አብዞርበር ምን ላይ እንደደረሰ ጥርሱ ላይ ይታያል። ከዚያ በፊት ግን መታረም ያለባቸው ጥቂት አባባሎች አሉ።

«ንፋሱን ጎማው ላይ በተጻፈው ልክ ሙላው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል የሚነበበው 44 ወይም 51 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ማለት ጎማው ከዚያ በላይ እንዳይሞላ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። የጎማው ፋብሪካ ያንን ጎማ የትኛው መኪና እንደሚያስገጥመው አያውቅም፤ አንድ ዓይነት ጎማ ቀላል የቤት መኪናም፣ ከባድ መኪናም ሊጠቀመው ይችላል። ትክክለኛውን ቁጥር የሚናገረው መኪናውን የሠራው ኩባንያ ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት በሩ የሚያርፍበት የቦዲ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ይመልከቱ፤ አንዳንዱ መኪና የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ያስቀምጠዋል። የብዙ የቤት መኪኖች ቁጥር ከ30 እስከ 35 ፒ ኤስ አይ ባለው ውስጥ ይወድቃል። የፊትና የኋላው ሊለያይ ይችላል፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላም ብዙ ጊዜ ሌላ ረድፍ ቁጥር አለው።

መለኪያው በባር ወይም በኪሎ ፓስካል ከሆነ 32 ፒ ኤስ አይ ማለት 2.2 ባር ወይም 220 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው።

«ትንሽ ቀነስ ሲል ይመቻል»

ይመቻል፣ እውነት ነው። ግን መኪናውን የሚሸከመው ጎማው ሳይሆን ውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ንፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ላስቲኩንና ውስጡ ያለውን የሽቦ ንጣፍ ያላቅቃል። ጎማ በሙቀት ወቅት፣ በረጅም ጉዞ፣ በፍጥነትና በጭነት ላይ የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የጎማ አምራቹ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ገደማ ጎማዎች ከገበያ የሰበሰበበት ጉዳይ በዚህ ነጥብ ላይ ያከራከረ ነበር። ጎማዎቹ በብዛት የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ሲሆን፣ የመኪናው ኩባንያ ያዘዘው ንፋስ 26 ፒ ኤስ አይ ነበር። ፎርድ ጎማውን ሲወቅስ ፋየርስቶን በበኩሉ መኪናውንና ዝቅተኛውን ንፋስ ወቀሰ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ነው በኋላ የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ እንዲሆን ያደረገው።

«መብራቱ ካልበራ ንፋሱ ልክ ነው»

በአሜሪካ ደንብ መሠረት መብራቱ መብራት ያለበት ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲቀንስ ነው። 32 መያዝ ያለበት ጎማ 24 እስኪደርስ ድረስ ዳሽቦርዱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው፤ እስከዚያ ትከሻው (የጥርሱ የግራና የቀኝ ጠርዝ) ሲበላ ይከርማል። ጎማው ውስጥ ሴንሰር ሳይኖራቸው የጎማዎቹን የመሽከርከር ፍጥነት እያወዳደሩ የሚያስጠነቅቁ ደግሞ አሉ። እነዚህ አራቱም ጎማዎች እኩል ከቀነሱ ልዩነቱ ሊያመልጣቸው ይችላል። በእግር መታ መታ አድርጎ መገመትማ ጭራሽ አይሠራም፤ ራዲያል የሚባለው የተለመደው የዛሬ ጎማ ልኩን ይዞም መሬት ላይ ትንሽ ሆዱ ወጣ ይላል።

«ጉዞ ላይ ስለካው ጨምሯል፣ ላስተንፍሰው»

መጨመሩ የተለመደ ነው፤ በጉዞ የሞቀ ጎማ ከቀዝቃዛው ከ4 እስከ 6 ፒ ኤስ አይ ሊበልጥ ይችላል። በሩ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለቀዝቃዛ ጎማ፣ ማለትም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ለሚለካ ነው። ትኩሱን ያስተነፈሰ ሰው ጠዋት ላይ ያነሰ ጎማ ይጠብቀዋል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስም ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወቅት ሲቀየር እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ናይትሮጅን ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚሉ አሉ። ተራው አየርም 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ሲሞቅ እንደ አየር ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ አየር ይቀንሳል። በነፃ ከሰጡዎት ይቀበሉ፤ መለኪያውን ግን አይጣሉ።

«ሰፋ ያለ ጎማ ሁልጊዜ ይሻላል»

ጎማው 205/55 አር 16 91 ቪ ይላል እንበል። 205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 55 ሚሊ ሜትር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ግን መቶኛ ነው፦ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ፣ ማለትም 113 ሚሊ ሜትር ገደማ። አር ራዲያል ማለት ሲሆን 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ጎኑን ሁለት ጊዜ፣ ቸርኬውን (በሚሊ ሜትር 406 ገደማ) አንድ ጊዜ ደምረን የጎማው ሙሉ ከፍታ 632 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

አሁን «ከፍ እንዲልልኝ» ብሎ 215/65 አር 16 የገጠመ ሰው ከፍታውን ወደ 686 ሚሊ ሜትር ወሰደው፤ ጭማሪው 8.5 በመቶ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው ቀድሞ ከሚሄደው 8.5 በመቶ ፈጥኖ ይሄዳል። መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የውስጥ መከላከያውን ሊነካ፣ ፍሬኑም የበለጠ ሊደክም ይችላል። 225/45 አር 17 ግን በ17 ኢንች ቸርኬ 634 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከፍታውን አይለውጠውም። ቁም ነገሩ ስፋቱ ሲጨምር መቶኛው አብሮ መውረዱ ነው። ስፋትም የራሱ ዋጋ አለው፦ ሰፊ ጎማ ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ የፊትና የኋላው ከፍታ ከተለያየ የሚጎዳው ጎማው ብቻ አይደለም፤ ኃይል አከፋፋዩም ይጎዳል።

ችላ የሚባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል፣ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «እኔ 240 አልነዳም» ብሎ ፊደሉን የሚንቅ ሰው ቁጥሩንም አብሮ ይንቀዋል። 88 የሚለውን የገዛ 560 ኪሎ ብቻ ነው የገዛው።

«በጎን ከተበላ አላይመንት ነው»

አላይመንት ማለት ጎማዎቹ የቆሙበትን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል ነው። ጥፋቱ የእሱ የሚሆነው ግን አንዳንዴ ብቻ ነው። መሀሉ ተበልቶ ትከሻዎቹ ደህና ከሆኑ ንፋሱ በዝቶ ኖሯል። ሁለቱም ትከሻዎች ተበልተው መሀሉ ከቀረ አንሶ ኖሯል። እነዚህን ሁለቱን የትኛውም የአላይመንት ማሽን አያስተካክልም። አንድ ጎን ብቻ ከተበላ ግን የጎማው አቋቋም ተዛብቷል፤ በተለይ የውስጠኛው ጎን ጎንበስ ብሎ ላላየ ሰው ሊሾ እስኪሆን ድረስ አይታወቅም።

የቀዘቀዘ ጎማ ላይ መዳፍን መጀመሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ብዙ ያስረዳል (የወጣ ሽቦ ካለ እጅ ስለሚቆርጥ አስቀድሞ በዓይን ይታይ)። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘ፣ ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አይተዋል፤ ይህ በእርግጥ የአላይመንት ሥራ ነው። ጥርሱ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ግን ሾክ አብዞርበሩ ሳይደክም ወይም ባላንሱ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑ) ሳይዛባ አይቀርም። አንድ ቦታ ብቻ ተልጦ ከሆነ ጎማው በፍሬን ተይዞ ተጎትቷል።

ባላንስና አላይመንትም ይምታታሉ። በተወሰነ ፍጥነት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ባላንስ ይጠረጠራል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ አላይመንት። ለመሳብ ግን ገንዘብ ከማውጣት በፊት ንፋሱን አስተካክሎ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ቀኝና ግራ ማቀያየር ይቻላል፣ የመዞሪያ አቅጣጫቸው በቀስት የታዘዘ ካልሆነ። መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙት ክፍሎች፣ የላላ ጆይንትና ያለቀ ቡሽ፣ ሳይቀየሩ አላይመንት ማሠራትም ከንቱ ነው፤ ማሽኑ ላይ የተስተካከለው መንገድ ላይ ተመልሶ ይዛባል።

«ሁለት አዲስ ጎማ ከተገዛ ፊት ነው የሚገባው»

የፊት ጎማ ለሚነዳው መኪናም ቢሆን አዲሱ ወደ ኋላ ይሂድ። የፊቱ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይታወቃል፤ ነዳጅ ሲለቀቅ መኪናው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኋላው በእርጥብ መንገድ ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞራል፣ ያንን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው።

«ጥርስ አለው፣ ገና ነው»

ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በስንጥቆቹ መካከል ካሉት ትንንሽ እብጠቶች ጋር እኩል ይሆናል፤ ያ መጨረሻው ነው። ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል። በጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፦ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት። ታዋቂ አምራቾች ጥርሱ ደህና ቢሆን እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ፤ ስኮርታውም አይቀርለትም። ከኋላ የተቀመጠው ስኮርታ ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 60 ፒ ኤስ አይ ይፈልጋል፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይም አይነዳም። ሌሎቹ አራቱ ሲለኩ ደግሞ እሱን የሚያስታውሰው የለም።