የአንቲጂን ማሳየት መጓደል ምንድን ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በተሰጠ የካንሰር ሥልጠና ላይ ተናጋሪው «ዕጢው አንቲጂን ማሳየት ካቃተው ለቲ ሴል አይታይም፤ በቃ፣ አከተመ» አለ። ይህንኑ ስንቴ ሰማሁት! አላከተመም። አንቲጂን ማሳየት ማለት ሴል በውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች ቁራጭ ገጹ ላይ አውጥቶ ቲ ሴል ለሚባለው የሰውነት ተከላካይ ሴል ማሳየቱ ነው። የምንለው መጓደል ነው እንጂ መጥፋት አይደለም።

ከፊራ ገበያ ያለ አንድ ሱቅ ይታያችሁ፤ ሱቁ ሴል ነው። ተቆጣጣሪው፣ ማለትም ቲ ሴል፣ መጋዘን አይገባም፤ ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ናሙና አይቶ ይፈርዳል። መደርደሪያው ኤችኤልኤ የተባለው የሴል ገጽ ፕሮቲን ነው። ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ያለው የፕሮቲን ቁራጭ ሲሆን፣ ከመጋዘን የሚያወጣው ተሸካሚ ታፕ ይባላል።

አንዳንድ ዕጢ ተሸካሚውን ያጣል። ያን ጊዜ መደርደሪያው ይሳሳል እንጂ ጨርሶ ባዶ አይሆንም። ዱሮ ቦታ የተነፈገው፣ ተሸካሚ ሳያስፈልገው እዚያው ደጃፉ አጠገብ የነበረ ዕቃ ብቅ ይላል፤ ለምሳሌ ከሴል ውጭ የሚላኩ ፕሮቲኖች ከመነሻ ጫፋቸው ተቆርጦ የሚቀረው ቁራጭ። ጤናማ ሴልም ይህ ቁራጭ አለው፤ መደርደሪያው በሌላ ስለሚሞላ ግን እምብዛም አያወጣውም። እንግዲህ ይህን የሚለይ ቲ ሴል ታፕ ያጣውን ዕጢ መትቶ ጤናማውን ያልፋል። በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው።

«እንግዲያውስ ችግር የለም» የሚለኝም ተሳስቷል። ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን ከጠፋ የሚፈርሰው መደርደሪያው ራሱ ነው፤ አሁን ያነሣሁት ቲ ሴልም የሚያየው ነገር አይኖርም። ያን ጊዜ ተራው የኤንኬ ሴሎችና የጋማ ዴልታ ቲ ሴሎች ይሆናል፤ እነዚህ መደርደሪያ የማይጠብቁ ሌሎች ተከላካይ ሴሎች ናቸው። የእነዚህ ፕሮቲኖች ጂን ሳይበላሽ ሥራውን ብቻ አቁሞ ከሆነ ደግሞ ተከላካይ ሴሎች የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ የመልእክት ፕሮቲን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ «አይታይም» ማለት ሐኪሙን ያሳስታል።

የቲሹ ምርመራ ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። አንድ ጊዜ ለኤችኤልኤ የተቀባ ስላይድ ሳይ ዕጢው ኤችኤልኤ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ቡናማ ቀለም ጨርሶ አልያዘም ነበር። «ጠፍቷል» ብዬ ልጽፍ ስል ዓይኔ ከዕጢው አጠገብ ያለ የደም ሥር ላይ አረፈ። የደም ሥር ግድግዳ ኤችኤልኤ ስላለው ቀለሙን መያዝ ነበረበት፤ እሱም ነጭ ነው። ሳጣራ ናሙናው ከመበላሸት የሚጠብቀው ፎርማሊን ሳይነካው በድሬዳዋ ሙቀት ለሰዓታት ቆይቷል። ስለ ዕጢው ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ሌላ ናሙና እንዲላክልኝ ጠየቅሁ።