የጓጉንቸሯ ምልክት ምንድን ነች?

«አብሽሩ፣ የድረ ገጹ አድራሻ ጎን የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት አለ፤ ሱቁ እውነተኛ ነው።» ስለ ኦንላይን ግዢ ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህችን ምክር የሚደግም አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ጓጉንቸር ያለው ድረ ገጽ ተመርምሮ የጸደቀ ነው» እስከማለት ደርሷል። ነጋዴውን የመረመረው የለም። ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ይህን ምክር አምኖ የዕቃ ቀብድ ከስልኩ ስለሚልክ፣ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባ ኮንቴይነር በሩ ላይ ፕሎምፕ፣ ማለትም ሳይበጠስ የማይከፈት ማሸጊያ፣ ይታሰርበታል። ፕሎምፑ ካልተነካ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ከታሸገበት ቦታ እስከዚህ ድረስ ማንም አልከፈተውም። ውስጡ ያለው ጨርቅ ይሁን ጭድ አይነግረንም። የጫነው ሰው ሐቀኛ ይሁን ሌባም አይነግረንም። ጓጉንቸሯም ሥራዋ ይኸው ነው። በስልካችሁና በድረ ገጹ ኮምፒውተር መካከል የሚመላለሰው ተመስጥሯል፤ ካፌ ውስጥ በዚያው ዋይፋይ የሚጠቀም ሰው የይለፍ ቃላችሁን መንገድ ላይ ሊያነበው አይችልም። ሌባው መድረሻው ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ፕሎምፑ የሚጠቅመው እሱን ነው፤ የካርድ ቁጥራችሁ ሌላ ዓይን ሳያየው እጁ ይገባል።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ብዙ ድረ ገጾች ከፊታቸው ሌላ አስተላላፊ ድርጅት ያቆማሉ። ጭነቱ መሃል ላይ መጋዘን ይገባል፣ ፕሎምፑ ይፈታል፣ አዲስ ይታሰርለትና መንገዱን ይቀጥላል። አንዳንዱ ከመጋዘኑ ወዲያ ጭራሽ ሳይታሸግ ይሄዳል። እናንተ ከስልካችሁ የምታዩት የመጀመሪያውን ፕሎምፕ ብቻ ነው። ለተራ ሸማች ይህ ብዙም አያሳስብም፤ «እስከ መጨረሻው ድረስ የተጠበቀ ነው» ብለው የሚምሉ ግን ሊያውቁት ይገባል።

የድረ ገጹ ፕሎምፕ ሰርተፍኬት ይባላል፤ የሚሰጡትም ሰርተፍኬት ሰጪ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ሰርተፍኬት ሲሰጥ የሚጣራው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጠያቂው ይህን አድራሻ በእጁ አድርጎታል ወይ? ለምሳሌ «ይህን ፋይል ድረ ገጽህ ላይ አስቀምጥ» ይባላል፤ ፋይሉ ቦታው ላይ ከተገኘ ሰርተፍኬቱ ይወጣል። ንግድ ፈቃድ አይታይም፣ ስልክ አይደወልም፣ ሁሉም በማሽን በደቂቃዎች ያልቃል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ይህን ለማንም በነጻ ይሰጣል። የኢንተርኔት ግንኙነት በብዛት እንዲመሰጠር በማድረግ ውለታው ትልቅ ነው። ለነጋዴ ዋስ እሆናለሁ ግን ብሎ አያውቅም።

የድርጅቱን ሕጋዊ ስም አጣርተው በክፍያ የሚሰጡ ሰርተፍኬቶችም አሉ። ድሮ ብራውዘሮች ያንን ስም ከአድራሻው ጎን ያሳዩ ነበር፤ ክሮምም ፋየርፎክስም በ2019 እ.ኤ.አ. አነሡት። ክሮም በ2023 እ.ኤ.አ. ጓጉንቸሯን ራሷን በሌላ ምልክት ተክቷታል፣ ምክንያቱም ሰው የታማኝነት ማረጋገጫ አድርጎ ይወስዳት ነበር። ዛሬም «ጓጉንቸሯን እዩ» የሚል መካሪ፣ የክሮም ሠሪዎች የተዉትን ነገር ነው የሚያስተምረው።

የተገላቢጦሹ ስሕተትም አለ። «ሰርተፍኬቱ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ስለዚህ ሱቁ ሌባ ነው» የሚሉ አሉ። የሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደው ሰርተፍኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ አሥር ዓመት የሠራ ሱቅም ትናንት ያሳደሰው ሊሆን ይችላል። ዕድሜው የሚያስፈልጋችሁ የሰርተፍኬቱ ሳይሆን የአድራሻው ነው። የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት በከፈተው የፍለጋ ገጽ፣ በ«ነጥብ ኮም» እና በመሳሰሉት የሚያልቅ አድራሻ ስታስገቡ የተመዘገበበት ቀን ይወጣል። «ከ1998 ጀምሮ ስናገለግል» የሚል ሱቅ አድራሻው ከሁለት ወር በፊት የተመዘገበ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በአንጻሩ አሮጌ ቀን ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ የከሰረ ድርጅት አድራሻ ሳይሰረዝ ለሌላ ሰው ሲሸጥ የድሮው ቀን አብሮት ይሄዳል።

አድራሻውን ማንበብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። «ደሴሱቅ ነጥብ ኮም ነጥብ ታላቅቅናሽ ነጥብ ቶፕ» የሚል ብታዩ ዓይናችሁ «ደሴሱቅ ነጥብ ኮም» ላይ ያርፋል። ባለቤቱ ግን ያለው መጨረሻው ላይ ነው። መነሻው ላይ «https://» ካለ እሱን ትታችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ከሚመጣው የመጀመሪያ የተጋደመ ሰረዝ (/) በፊት ያለውን ብቻ ወስዳችሁ ከቀኝ ወደ ግራ ቁጠሩ፦ «ቶፕ»፣ ከዚያ «ታላቅቅናሽ»። ሱቁ የታላቅቅናሽ ነው፤ ደሴሱቅ የበር ላይ ጽሑፍ ነው። አድራሻው በ«ኮም ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ ከሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ባለቤቱን ሦስተኛው ላይ ፈልጉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሱቁን የሚያጋልጠው ዕቃው ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀለህ መልሰው የሚሞሉ ተኳሾች የሚገዙትን ባሩድና ፕራይመር፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ፣ እንሸጣለን የሚሉ የውሸት ሱቆች ጥሩ ማሳያ ናቸው። (እኛ ዘንድ ጥይትና መሣሪያ በአዋጅ 1177/2012 በፈቃድ የሚተዳደር ነው፤ የማነሣው ለማሳያነት ብቻ ነው።) በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ፕራይመር ከየመደርደሪያው ሲጠፋ፣ ሁሉም ዓይነት «አለ» የሚሉ፣ ዋጋቸው ከገበያው በታች የሆነ፣ ሁሉም ጓጉንቸር ያላቸው ሱቆች ብቅ ብቅ አሉ። የሚያውቅ ገዢ የሚያየው ጓጉንቸሩን ሳይሆን የማጓጓዣውን መስመር ነበር። ፕራይመርና ባሩድ ፈንጂ ነክ ስለሆኑ የአሜሪካ ፖስታ ቤት አይቀበላቸውም፤ በግል አጓጓዥ፣ በአደገኛ ዕቃ ደንብ ነው የሚሄዱት፣ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ አለ። «በፖስታ በነጻ እናደርሳለን» ያለ ሱቅ ዕቃውን በእጁ ነክቶት አያውቅም።

ይኸው ሚዛን እዚህም ይሠራል። ለሶላር የሚሆን ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው በ3 ቀን ኮምቦልቻ እንደሚያደርሱ የሚናገሩ አሉ። ሊቲየም አዮን ባትሪ ለብቻው በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ካርጎ እንዳይጫን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ክልከላ አለ። ዕቃው መሣሪያው ውስጥ ተገጥሞ ሲመጣ ደንቡ ስለሚለይ፣ ሻጩን «ባትሪው ለብቻው ነው የሚጫነው? በምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ባትሪ ነጋዴ የሆነ ሰው ጥያቄው አይከብደውም።

ክፍያ ላይ ስትደርሱ ስሙን እዩ። ባንክም ሆነ ቴሌብር ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ሱቁ ድርጅት ነኝ ብሎ የሚመጣው ስም የግለሰብ ከሆነ ላኩ የሚለውን አትንኩ። ባለ 10 አሐዝ የግብር ከፋይ ቁጥሩን ጠይቁና በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ንግድ ፈቃዱን ፈልጉ። ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ የንግድ ዘርፉና የሂሳቡ ስም ካልገጠሙ ቀብዱ ይቆይ። የፈቃድ ፎቶ ብቻ ልኮ «ይኸው» የሚል ሻጭ ምንም አላሳየም፤ የሌላ ሰው ፈቃድ ፎቶ በየግድግዳው ተሰቅሎ ይገኛል።

ጓጉንቸሯ ዋጋ የላትም ማለት ግን አይደለም። ብራውዘሩ «ግንኙነቱ የግል አይደለም» ብሎ ቀይ ማስጠንቀቂያ ካወጣ ፕሎምፑ ተበጥሷል ወይም የሌላ ኮንቴይነር ነው፤ የካርድ ቁጥር አይገባበትም። በቅድሚያ ግን የስልካችሁን ቀን አስተካክሉ፤ ቀኑ ወደ ኋላ የቀረ ስልክ ትክክለኛውንም ሰርተፍኬት አይቀበልም። ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች የሆኑ ስልኮችም የሌትስ ኢንክሪፕትን ሥር ሰርተፍኬት፣ ማለትም ሌሎቹ ሰርተፍኬቶቹ የሚታመኑበትን መነሻ፣ ስለማያውቁት እውነተኛ ሱቆች ላይ ሳይቀር ሊጮኹ ይችላሉ።