የተዳፈነ እሳት አይፈነዳም

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ «የተዳፈነው እሳት ፈነዳ» ሲባል ሰማሁ። ይህን አነጋገር በጣም ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የተዳፈነ እሳት አይፈነዳም።

ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። አያቴ ራት ከተበላ በኋላ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ትላለች። የወይራውን ፍም ወደ መሃል ትሰበስብና አመዱን ከዳር ከዳር እየሳበች ታለብሰዋለች። አመዱ ሲበዛ ፍሙ ታፍኖ ይጠፋል፤ ሲያንስ ነድዶ ያልቃል። ልኩን የምታውቀው መዳፏን አስጠግታ ነው። ንጋት ላይ ገለጥ ታደርገዋለች፣ ጭራሮ ጣል፣ እፍ! ቤቱ ይሞቃል። እሳት የጠፋባት ጎረቤትም ኩበቷን ይዛ ልትጭር ትመጣለች።

ስለ አመጣጡ የራሴ እምነት አለኝ። ይህን አነጋገር የፈጠሩት ሴቶች ናቸው። ወንዱ ከእርሻ ሲገባ የሚያየው ነበልባሉን ነው። አመዱ ሥር ምን እንዳደረ የምታውቀው ማልዳ ተነስታ ረመጡን የምትገልጠው ናት። ለእሷ የተዳፈነ እሳት ለነገ የተቀመጠ በረከት ነው። ወደ ቂም የዞረው በኋላ ይመስለኛል፤ ምናልባትም ባላንጣ ለማስታረቅ ሽማግሌ በተቀመጠበት ዛፍ ሥር።

አፋር በረሃ ውስጥ ግን ይህ አነጋገር ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ። ጥር 2009 ዓ.ም. የእሳተ ገሞራው የኤርታሌ ጎን ተሰነጠቀና የቀለጠ አለት ሜዳው ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ላዩ አየር ሲነካው ወዲያው ይጠቁርና ይጠጥራል። አለት ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ያ ጥቁር ቅርፊት የአያቴን አመድ ሥራ ይሠራል። ውስጡ እንደቀላ፣ ራሱ በሠራው ዋሻ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ምንጩ ሲቆም ፈሳሹ ወርዶ ያልቅና ዋሻው ባዶውን ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ላዩ ስስ ብርጭቆ ስለሆነ ሲረግጡት ከሽ ከሽ እያለ ይሰበራል። እሳቱ ያለፈው ከዚያ ሥር ነው።

ሃይሊ ጉቢ የዚያው የኤርታሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ነው፤ ያን ቀን ያደረገው ግን ሌላ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ህንድ ደረሰ። አፍዴራ አካባቢ ደግሞ የከብቱን ግጦሽ አለበሰው። እንዲህ ያለ ፍንዳታ የሚመጣው ከታመቀ ጋዝ ነው። አመዱም ከማገዶ የተረፈ ዓይነት አይደለም፤ ደቅቆ የተበተነ አለት ነው። ማንም አይዳፍንበትም።

እንግዲህ ዜና የምታነቡ፣ ርዕስ የምትሰጡ፣ እባካችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። ለሃይሊ ጉቢ «የታመቀው ፈነዳ» በሉ፣ ይበቃዋል። ጥላቻ በተነሳ ቁጥርም የእናቶቻችንን ምድጃ አትጥሩ። ቂም «ቂም» ይባል።