የአሜሪካ ተራማጆችና የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሽንፈት ወቀሳ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በተሸነፈ ቁጥር በፓርቲው ውስጥና በዙሪያው ያሉ ተራማጅ (ግራ ዘመም) መራጮች ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚወስድ ክርክር ይከፍታሉ። ጥያቄው ተቃራኒው ወገን እንዴት አሸነፈ የሚል አይደለም፤ ከእኛ መካከል ያስሸነፈን ማን ነው የሚል ነው። ተከሳሾቹም የታወቁ ናቸው፦ ዕጩው ራሱ፣ የፓርቲው አለቆች፣ አማካሪዎች፣ ሦስተኛ ፓርቲ የመረጡ፣ አኩርፈው ቤታቸው የቀሩ፣ ጋዜጠኞች። ስለ አሜሪካ ምርጫ በአማርኛ ብዙ ዜና ቢጻፍም ይህን ልማድ ከሥሩ የሚያሳይ ጽሑፍ እምብዛም ስለማይገኝ ዋና ዋናው እዚህ ተሰባስቧል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ወቀሳው የቁጭት መወጫ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ወገን በቀጣዩ ምርጫ ዕጩ የመምረጥ፣ ገንዘብ የመመደብና የፓርቲውን ደንብ የመጻፍ ዕድሉ ይጠብባል። ስለዚህ በኖቬምበር የሚጀመረው ክርክር በስተጀርባው የሥልጣን ክርክር ነው።

አመጣጥ

የዘመናዊው ወቀሳ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው 1968 ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት ሂዩበርት ሀምፍሬይ በአንድም የማጣሪያ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው ጉባኤ ዕጩ ሆነው ሲወጡ፣ ከአዳራሹ ውጭ ፖሊስ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞችን ይደበድብ ነበር። ሀምፍሬይ በሪቻርድ ኒክሰን የተበለጡት ከመቶ አንድ በማይሞላ ልዩነት በመሆኑ፣ ኒክሰንን ያመጣብን ያኮረፈው ወጣት ነው የሚለው ክስ ወዲያው ተወለደ። ፓርቲው ደንቡን የለወጠው ግን ኩርፊያውን ሰምቶ ነው። በ1969 የተቋቋመውና ጆርጅ ማክገቨርን፣ ኋላም ዶናልድ ፍሬዘር የመሩት ኮሚሽን ዕጩ የመምረጡን ሥልጣን ከፓርቲ አለቆች እጅ አውጥቶ ወደ መራጩ አቀረበው።

በአዲሱ ደንብ በ1972 ዕጩ የሆኑት እኚሁ ማክገቨርን ከማሳቹሴትስና ከዋሽንግተን ዲሲ በቀር አገሩን በሙሉ ተሸነፉ። ፓርቲው መሃል መንገድ ይያዝ ለሚሉት ለዘብተኞች፣ ግራ ዘመም ዕጩ እንደማያሸንፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም፤ ዛሬም ድረስ ይጠቅሱታል። የ1980ው የጂሚ ካርተር ሽንፈት ቴድ ኬኔዲ በማጣሪያው ስለተገዳደሯቸው የመጣ ነው የሚለው ክርክርም አልሞተም። በ1982 ፓርቲው ያለ ሕዝብ ምርጫ በጉባኤ ድምፅ የሚሰጡ ሹማምንትን፣ ሱፐር ደሌጌት የሚባሉትን ፈጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፓርቲው አለቆች የደገፏቸው ዋልተር ሞንዴል ከትውልድ ግዛታቸው ከሚኒሶታና ከዲሲ በቀር ሁሉን አጡ። ያኔ ግን አለቆቹን የወቀሰ እምብዛም ነው፤ በ1985 የተመሠረተው የዴሞክራቲክ አመራር ምክር ቤት ፓርቲውን ይበልጥ ወደ መሃል ሳበው፣ በ1992ም ከዚያው ምክር ቤት የወጡት ቢል ክሊንተን አሸነፉ።

2000፦ ራልፍ ኔደር

ከሁሉ የከረረው የወቀሳ ታሪክ የ2000 ነው። የዴሞክራቶቹ ዕጩ አል ጎር በመላ አገሪቱ በግማሽ ሚሊዮን ያህል ድምፅ ቢበልጡም፣ አሸናፊው የሚለየው በየግዛቱ በሚገኝ የውክልና ድምፅ ነውና ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ አጥተው ተሸነፉ። የአረንጓዴ ፓርቲው ዕጩ ራልፍ ኔደር በዚያች ግዛት ያገኙት 97,488 ድምፅ ነው። ስሌቱ አጭርና ጨካኝ ስለሆነ በብዙዎች ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። በኒው ሃምፕሸርም ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ያሸነፉት በ7,211 ድምፅ ሲሆን ኔደር ከ22 ሺህ በላይ አግኝተው ነበር።

የኔደር ወገኖች መልስ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ጎር በሴኔት የወከሏትን ግዛታቸውን ቴነሲን ቢያሸንፉ ፍሎሪዳ ባላስፈለገቻቸው። በፓልም ቢች ወረዳ የድምፅ መስጫው ወረቀት አሠራር ግራ አጋብቶ፣ ወግ አጥባቂው ፓት ቡካነን የጎር ደጋፊ በበዛበት ወረዳ ከ3,400 በላይ ድምፅ አገኙ። ድጋሚ ቆጠራውን ዲሴምበር 12 ያስቆመው ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ነው። በፍሎሪዳ ራሳቸውን ዴሞክራት ብለው ቡሽን የመረጡት ሰዎች ቁጥር ከኔደር መራጮች እንደሚበልጥም በወቅቱ የመራጮች መጠይቆች አመልክተዋል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች መሪ የላቸውም፣ ስማቸው አይጠራም፣ ኔደር ግን ስም አላቸው። ውጤቱ በቁጥር ታየ፦ በ2000 በመላ አገሪቱ 2.9 ሚሊዮን ያህል ድምፅ የነበራቸው ሰው በ2004 ግማሽ ሚሊዮን እንኳን አልሞላላቸውም።

የ2004ቱ ሽንፈት፣ ጆን ኬሪ ኦሃዮን በ118 ሺህ ገደማ ድምፅ ያጡበት፣ ለጥቂት ወራት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሚደግፉ ወገኖች ላይ ከተለጠፈ በኋላ በኢራቅ ጦርነት ወሬ ተዋጠ።

2016

ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ 2.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ። ሚቺጋን በ10,704፣ ዊስኮንሰን በ22,748፣ ፔንሲልቬኒያ በ44,292 ድምፅ ነው የሄዱት፤ ሦስቱ ግዛቶች ተደምረው አንድ ትልቅ ስታዲየም የማይሞላ ሕዝብ ናቸው። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ ሁሉም ምክንያት በቂ ምክንያት ይሆናል፤ የ2016 ክርክር ማለቂያ ያጣውም በዚህ ነው።

አንደኛው ወገን ከውጭ የመጣውን ይከሳል፦ የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ኦክቶበር 28 ለምክር ቤት የጻፉትን ደብዳቤ፣ በሩሲያ ሰርሳሪዎች የተሰረቁትንና ዊኪሊክስ የበተናቸውን ኢሜይሎች። ሁለተኛው ወገን ከግራ የመጣውን ይከሳል፦ የአረንጓዴ ፓርቲዋ ጂል ስታይን በሦስቱም ግዛቶች ያገኙት ድምፅ ከልዩነቱ ይበልጥ ነበር። በማጣሪያው ክሊንተንን የተገዳደሩት ተራማጁ በርኒ ሳንደርስም ከክሱ አላመለጡም። በአንድ ትልቅ የመራጮች ጥናት መሠረት በማጣሪያው ሳንደርስን ከመረጡት 12 በመቶ ገደማ በኖቬምበር ትራምፕን መረጡ። ይህ ቁጥር ዓመታት ሙሉ ሲወረወር የኖረ ነው። ሆኖም በ2008 ማጣሪያ በኦባማ ላይ ለክሊንተን ቆመው በመጨረሻ ሪፐብሊካኑን ጆን ማኬይንን የመረጡት ድርሻ ከዚያ እንደሚበልጥ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ እነዚያን የወቀሰ ግን የለም ማለት ይቻላል፣ ኦባማ አሸንፈዋልና።

ሦስተኛው ክስ ዘመቻው ላይ ያርፋል። ክሊንተን ከፓርቲው ጉባኤ በኋላ ዊስኮንሰንን አንድ ጊዜ እንኳን አልረገጡም። ኦባማን ሁለት ጊዜ የመረጡ ከ200 በላይ ወረዳዎች ወደ ትራምፕ ዞሩ። በሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መረጃ መሠረት የጥቁር አሜሪካውያን ተሳትፎ በ2012 ከነበረበት 66.6 በመቶ ወደ 59.6 በመቶ ወረደ። ተራማጁ ክንፍ እነዚህን አኃዞች ይዞ፣ የተረሳ መራጭ ይሄዳል ወይም ይቀራል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ከደብዳቤውም ከስርቆቱም በተለየ ፓርቲው በራሱ እጅ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ያሳያል።

ሐዘኑ ፈጥኖ ወደ ሥራ ተለወጠ። ጃንዋሪ 21 ቀን 2017 በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የተደረገው የሴቶች ሰልፍ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ሰልፎች አንዱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2017 ለፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበርነት ቶም ፔሬዝ የሳንደርስ ወገን የደገፋቸውን ኪት ኤሊሰንን በ235 ለ200 ድምፅ አሸነፉ፤ ተሸናፊውንም ወዲያው ምክትላቸው አደረጉ። ሆኖም የወቀሳው ፍሬ ለተራማጆቹም ደረሰ፦ በኦገስት 2018 ኮሚቴው ሱፐር ደሌጌቶች ዕጩው አስቀድሞ ባልለየለት ጉባኤ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ወሰነ። በዚያው ዓመት በጁን አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በኒው ዮርክ ማጣሪያ የፓርቲውን አንጋፋ እንደራሴ ጆ ክራውሊን ጥለው ነበር።

ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን በወቀሳው ውስጥ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የዴሞክራቶች መራጭ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህም ማንም በሩን አያንኳኳም ነበር። ኦክቶበር 2020 ትራምፕ ግብፅ የህዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች ብለው ሲናገሩ ቁጣው የጋራ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የወሰዳቸው የማዕቀብ እርምጃዎች ነገሩን ገለበጡት። ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደምትወጣ ለምክር ቤት ያሳወቁት ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ሲሆን፣ ያው ዕለት በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ የሚደረግበት ነበር። የተደራጁ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ዘመቱ፣ ያንግኪንም ቴሪ ማኮሊፍን በ64 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ። ውጤቱን የወሰነው የእኛ ድምፅ ነው የሚለው አባባል ልዩነቱ ሲታይ የተጋነነ ነው፤ ማኅበረሰቡም በጦርነቱ ላይ አንድ አቋም አልነበረውም። ቢሆንም በአካባቢው ላሉ የዴሞክራት ሹማምንት ሳይቀር ትምህርት የሰጠ፣ የሚያኮራ መደራጀት ነበር።

2024

ካማላ ሐሪስ ኖቬምበር 6 ቀን 2024 ሽንፈታቸውን የተቀበሉት በተማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ያው ግቢ። ትራምፕ ሰባቱንም ወላዋይ ግዛቶች ወስደው 312 ለ226 በሆነ የውክልና ድምፅ አሸንፈዋል። የሕዝብ ድምፁም 77.3 ሚሊዮን ለ75 ሚሊዮን ሲሆን፣ የሐሪስ ድምፅ ባይደን በ2020 ካገኙት ስድስት ሚሊዮን ያህል ጎድሏል። እንደ 2016 በሕዝብ ድምፅ በልጠናል ብሎ መጽናናት አልተቻለም።

የመጀመሪያው ክስ ለመምጣት አንድ ቀን አልፈጀም። ሳንደርስ በዚያው ዕለት ባወጡት መግለጫ ሠራተኛውን መደብ የተወ ፓርቲ በሠራተኛው መደብ ቢተው ሊገርመው አይገባም አሉ። የፓርቲው ሊቀመንበር ጄሚ ሃሪሰን በብልግና ቃል አጣጣሉት። ከሳንደርስ ወገን የቀረቡት ማስረጃዎች ግን በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። ዘመቻው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሪፐብሊካኗ ሊዝ ቼኒ ጋር መድረክ ለመድረክ ዞረ። ትራምፕን የመረጠችው ሚዙሪ በዚያው ቀን ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ወደ 15 ዶላር የሚያሳድግ ሕግ አጸደቀች፤ መራጩ የጠላው ሐሳቡን ሳይሆን ፓርቲውን ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ክስ በባይደን ላይ ነው። ጁን 27 በአትላንታ ክርክር ላይ ሲደናቀፉ ዓለም አየ፤ ከውድድሩ የወጡት ጁላይ 21 ነው፤ ለሐሪስ 107 ቀን ተረፋቸው። ናንሲ ፔሎሲ ባይደን ቀደም ብለው ቢወጡ ሌሎች ዕጩዎች ይመጡ እንደነበር ተናገሩ። ሐሪስም በ2025 ባሳተሙት ማስታወሻ ውሳኔውን ለባይደን ቤተሰብ ብቻ መተው ግድየለሽነት እንደነበር ጻፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል፤ እስከ ክርክሩ ምሽት ድረስ የዕድሜውን ነገር ያነሳ ዴሞክራት ከሃዲ ይባል ነበር።

ሦስተኛው የባይደን አስተዳደር በጋዛው ጦርነት ለእስራኤል የሰጠው ድጋፍ ነው። በፌብሩዋሪው የሚቺጋን ማጣሪያ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች «ያልወሰንኩ» ብለው ድምፅ በመስጠት ፓርቲውን አስጠነቀቁ። በኦገስት የቺካጎው ጉባኤ ለአንድ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ ተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ እንኳን ተነፈገ። አረብ አሜሪካውያን በሚበዙባት ዲርቦርን ከተማ ትራምፕ 42፣ ሐሪስ 36፣ ስታይን 18 በመቶ ገደማ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ለዘብተኛውም፣ አንዳንድ ተራማጁም ጣቱን ወደ ዲርቦርን ቀሰረ። ቁጥሩ ግን አያግዝም፦ በሚቺጋን ልዩነቱ 80 ሺህ ሲሆን ስታይን በግዛቲቱ በሙሉ ያገኙት 45 ሺህ አይሞላም፤ ሚቺጋን ብትገኝም ፔንሲልቬኒያና ዊስኮንሰን ሄደዋል። በቤታቸው ስለቀሩት ሰዎች ግን በርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።

አራተኛው ክስ ከለዘብተኞች የመጣ ነው። የትራምፕ ዘመቻ ሐሪስ ለጾታ ለዋጮች የቆሙ ናቸው የሚል ማስታወቂያ አገር አዳርሶ ነበር፤ የማሳቹሴትሱ እንደራሴ ሴት ሞልተን የመሰሉ ሰዎች ፓርቲው በዚህ ጉዳይ ከሕዝቡ ርቋል አሉ። ሐሪስ በዘመቻቸው ስለ ጉዳዩ ከስንት አንዴ ነው ያነሡት፤ ዝምታውም መልስ አልሆነም።

በጩኸቱ መካከል ድምፁ ያልተሰማው ማብራሪያ ምናልባት የበለጠው ነው። የዋጋ ግሽበት በጁን 2022 እስከ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2024 በእንግሊዝ፣ በጃፓን፣ በህንድም ሥልጣን ላይ የነበሩ ፓርቲዎች ተሸንፈዋል ወይም አብላጫቸውን አጥተዋል። ኦክቶበር 8 በቴሌቪዥን ከባይደን የሚለዩበትን ነገር የተጠየቁት ሐሪስ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ የለም ብለው መመለሳቸው ከዚህ ጋር ሲታይ ነው ክብደቱ የሚታወቀው።

ከ2025 ወዲህ

ሐዘኑ በዚህ ጊዜ ከ2016 ዝምታ የበዛበት ነበር። ብዙዎች ዜና ማየት ተዉ፣ ኤክስን ትተው ብሉስካይ ገቡ። ሳንደርስና ኦካሲዮ ኮርቴዝ በኦሊጋርኪ (በጥቂት ባለጸጎች አገዛዝ) ላይ ብለው በጀመሩት ጉዞ ግን በማርች 2025 በዴንቨር ከ30 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። ኬን ማርቲን ፌብሩዋሪ 1 የፓርቲው ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፤ ሽንፈቱን የሚመረምር ግምገማም ቃል ገቡ።

ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይዞ መጣ። ተራማጁ ዞህራን ማምዳኒ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ፣ ለዘብተኛዋ አቢጌል ስፓንበርገር ቨርጂኒያን በሰፊ ልዩነት ከሪፐብሊካኖች አስመለሱ። በማግስቱ እያንዳንዱ ክንፍ የራሱን ድል እያውለበለበ የ2024ን ክርክር ከነበረበት ቀጠለ። በዲሴምበር ማርቲን ግምገማው ተጠናቆ ሳለ ለሕዝብ እንደማይወጣ አስታወቁ፤ ምክንያታቸውም ፓርቲውን ከማሸነፍ ሥራው ያዘናጋዋል የሚል ነበር። በዘመቻው ገንዘብ ስላወጡና ስለመከሩ ሰዎች ምን እንደተጻፈ ለማወቅ የጓጉት ተራማጆች ውሳኔውን የለጋሾችና የአማካሪዎች መከታ ብለውታል።