ሚሊግራም በኪሎ እና ግሬይ፦ የቱ ነው በክብደት የሚባዛው?

ጅማ ላብራቶሪ ውስጥ በአይጥ ላይ የሊድና የጨረር ሙከራ የምንሠራ ልጆች ግሩፕ ላይ ይሄ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ አንዴ ልጻፈው።

የሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) መጠን «20 ሚሊግራም በኪሎ» ከተባለ በአይጧ ክብደት ይባዛል። 250 ግራም የምትመዝን አይጥ 0.25 ኪሎ ናት፤ የሚሰጣት 5 ሚሊግራም ነው። እባካችሁ ባለፈው ሳምንት ክብደት አትስሩ። ታዳጊ አይጥ ቶሎ ነው የምትከብደው፤ እንደገና መዝኗት።

ጨረር ላይ ግን እንዳታባዙ! ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው፤ 1 ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ የሰውነት አካል 1 ጁል ኢነርጂ ገባ ማለት ነው። «በኪሎ» የሚለው እዚያው ውስጥ አለ። መላ ሰውነቷ እኩል 2 ግሬይ ካገኘች፣ አይጧ 200 ግራምም ትሁን 400፣ ያው 2 ግሬይ ነው።

ስሌቱ ይሄው ነው፣ አይለወጥም። የሚለያየው ጉዳቱ ነው፦ እንደ ዕድሜዋ፣ እንደ ዝርያዋ፣ ሊዱ በአፍ ወይ በመርፌ እንደ መግባቱ፣ ጨረሩም ባንዴ ወይ ተከፋፍሎ እንደ መሰጠቱ።