ማይክሮኒድሊንግ ምንድን ነው? ፊት ማቅያ አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ማይክሮኒድሊንግ የላይኛውን ጥቁር ቆዳ ያነሳል። ከሥሩ ያለው ቀይ ቆዳ ይወጣል። ከዚያ ሴረሙ (ፊት ላይ የሚቀባው ፈሳሽ) ይገባና ያቀላል።» ብዙ ሰው ተከትሎ ዋጋውን ጠየቀ። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ነኝ። ይህንኑ አባባል ከታካሚዎቼ አፍ በተደጋጋሚ እሰማዋለሁ። «ፊቴ እንዲጠራ ማይክሮኒድሊንግ ሥሪልኝ» ይሉኛል። በዚሁ ስም የሚሸጡት የውበት ሳሎኖችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ማይክሮኒድሊንግ ቆዳ አያነሳም። አያቀላም። የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ቆዳን ሆን ብሎ፣ በልክ ያቆስላል።

በጣም ቀጫጭን መርፌዎች ቆዳ ውስጥ ገብተው ወዲያው ይወጣሉ። ጥልቀቱ በሚሊሜትር ነው የሚለካው። ቆዳው ስስ በሆነበት ግንባር ላይ 0.5 ገደማ ሊበቃ ይችላል። ጉንጭ ላይ ላለ ጎድጓዳ የብጉር ጠባሳ ደግሞ 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ይኬዳል። የላይኛው ቆዳ ባለበት ይቆያል። ቀዳዳዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ይዘጋሉ። ዋናው ሥራ የሚጀምረው እናንተ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው።

ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው «ኡኡ! ድረሱልኝ!» ብሎ ሲጮህ አስቡት። ጩኸቱ እሳት አያጠፋም፤ የፈረሰ አጥርም አያቆምም። የሚሠሩት ሰምተው የደረሱት ናቸው። መርፌው ጩኸቱ ነው። መጀመሪያ የሚደርሱት ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሌሎችን ይጠራሉ። ቁስል የሚያጸዱ ሴሎች ይከተላሉ። ቀናት ሲያልፉ ግንበኞቹ ይመጣሉ። ፋይብሮብላስት ይባላሉ፤ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ለጊዜው የሚሆን ነገር ያቆማሉ። ከዚያ በወራት ውስጥ በጠንካራው ይተኩታል። ጎድጓዳው ጠባሳ ቀስ እያለ ከፍ የሚለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው በሳምንቱ መስታወት እያየ «ምንም ለውጥ የለም» አይልም። ግንበኞቹ ገና መሠረት ላይ ናቸው። ለብጉር ጠባሳ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዙር ያስፈልጋል፤ በየመሃሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ውጤቱ በደንብ የሚለየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በየሳምንቱ መሠራት ሥራውን አያፋጥንም። የመጡት ሰዎች የጀመሩትን ሳይጨርሱ እንደገና ኡኡ ማለት ግርግር ነው የሚፈጥረው፤ ቆዳውም እንደተቆጣ ይከርማል። «ደም ካልፈሰሰ አልሠራም» የሚሉም አሉ። ፊቱ ደም መልበሱና እንደ መርፌ ጫፍ ነጠብጣብ ደም ማየት ይበቃል። ጩኸት ከተሰማ ተሰማ ነው።

አሁን ወደ ማቅላቱ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጩኸቱን የሚሰሙት ግንበኞቹ ብቻ አይደሉም። ቀለም ሠሪዎቹ ሴሎችም ይሰማሉ። እንደኛ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ፈጥነው ነው የሚደርሱት። ብጉር ከዳነ በኋላ ቦታው ለወራት የሚጠቁረው ለዚህ ነው። መርፌው ከልክ ሲያልፍ፣ ወይም የተሠራው ፊት ፀሐይ ሲያገኘው፣ ለመቅላት የመጣው ሰው ጠቁሮ ይመለሳል። በርግጥ ላይኛውን ቆዳ ከሚያቃጥሉ አንዳንድ የሌዘር ዓይነቶች ጋር ሲወዳደር ማይክሮኒድሊንግ ለጥቁር ቆዳ አደጋው ያነሰ ነው። ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ያንን አስተያየት ለጻፈው ወንድሜ አንድ ታሪክ ልንገረው። ካሚራንድ የተባለ ሐኪም ፊታቸው ላይ ነጭ ጠባሳ የነበረባቸውን ታካሚዎች በንቅሳት መሣሪያ ቆዳቸውን በሚመስል ቀለም ይነቅስላቸው ነበር። ዓመትና ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲያያቸው የተነቀሰው ቀለም ጠፍቷል። ጠባሳው ግን ለስልሷል፤ የራሱ የቆዳው ቀለምም ተመልሶበታል። ሥራውን የሠራው መርፌው መሆኑ ገባውና ያለ ቀለም መርፌውን ብቻ መጠቀም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረባው ጋር ጽፎ አሳተመው። ልብ በሉ፤ መርፌው የነጣውን ቦታ ወደ ቀለሙ መለሰው እንጂ ቀለም ያለውን አላነጣም። በኋላ ዴዝሞንድ ፈርናንዴስ የተባለ የኬፕታውን ቀዶ ሐኪም ለዚሁ ሥራ የሚሽከረከር መሣሪያ ሠርቶ ዘዴውን አስፋፋው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያው የማይክሮኒድሊንግ ብዕር ፈቃድ ሲሰጥም ፈቃዱ ለፊት የብጉር ጠባሳ ነበር። ስለ ማቅላት የተባለ ነገር የለም።

የሴረሙም ነገር እንደዚሁ ነው። ቆዳ አጥር ነው የሚባለው በምክንያት ነው። ከላይ እንዲቀባ የተሠራ ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ አልተሠራም። በመርፌ በተወጋ ፊት ላይ የቫይታሚን ሲ ሴረም ተቀብቶላቸው ቆዳቸው ውስጥ እብጠት የቋጠረ ሴቶች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የወጣው። ሽቶ ያለው ክሬም፣ ሎሚ፣ እርድ፣ ማር በዚያ ቀን አይነኩም። «ይሽር» ብላችሁ ዳማከሴም እንዳትጨምቁበት።

የስቴሮይድ ክሬም ለብቻው መነሳት አለበት። ፊት ለማጥራት ተብሎ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለበት ክሬም ለወራት የተቀባ ሰው በየቀኑ ይመጣብኛል። ይህ መድኃኒት ሰፈሩን ዝም ያሰኛል። ብትጮሁም የሚደርስ የለም፤ ግንበኞቹ ደክመዋል፤ ቆዳውም ሳስቷል። እንዲህ ያለ ፊት ላይ መርፌ አላሳርፍም። መጀመሪያ ክሬሙን በሐኪም ክትትል መተው፣ ቆዳው እስኪያገግም መጠበቅ ነው። እባካችሁ የምትቀቡትን አትደብቁን። ስሙን ካላወቃችሁት ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። ማንም አይቆጣችሁም።

በተቃራኒው ደግሞ «በቃችሁ፣ ሂዱ» ቢባሉም የማይሄዱ ግንበኞች ያሉት ሰው አለ። ጆሮ በተበሳበት ወይም በተከተበበት ቦታ ጠባሳው አብጦ የቀረ ማለቴ ነው። ኬሎይድ ይባላል። እሱም አስቀድሞ ይንገረን። ከንፈሩን ምች የሚመታው ሰውም ይንገረን፤ ቫይረሱ ከመርፌው በኋላ ሊነሳና ፊት ላይ ሊሰራጭ ስለሚችል አስቀድመን መድኃኒት እንሰጠዋለን። መግል የያዘ ብጉር እያለ አይሠራም። ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሁሉም አስቀድመው ይናገሩ።

ሕመሙን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ አያስፈራም። የሚያደነዝዝ ክሬም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ የሚሰማው መቧጠጥ የመሰለ ነገር ነው፤ ግንባርና አፍንጫ አካባቢ ይብሳል። ሲያልቅ ፀሐይ የመታው ፊት ይመስላል። ደም መልበሱ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ መድረቅና ጥቂት መፈርፈር ሊኖር ይችላል። አትላጡት። ሕመሙ ቀን በቀን ከጨመረ ወይም መግል ከታየ ግን ቶሎ ተመለሱ።

ከመሃል ከተማ ወጣ ብለን ለምንኖር ሌላም ነገር አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ጀሪካን ውስጥ የከረመ ውሃ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። አስፋልት ባልደረሰው መንገድ በባጃጅ አቧራ ውስጥ መመለስም ጥሩ አይደለም፤ ነጠላችሁን ወይም ንጹሕ ሻሽ ያዙ። ፀሐዩን ደግሞ አትናቁት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል እንጂ ጨረሩ ብርቱ ነው። ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ቆዳው ሲረጋጋ ደግሞ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ወይባ፣ ስቲምና ጂም ለጥቂት ቀናት ይቆዩ።

በመርፌው ላይ አልደራደርም። የመርፌው ጫፍ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሽጉ ፊታችሁ ይከፈት፤ ካልተከፈተ ተነሱና ውጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያወጣው ዘገባ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ በሌለው ስፓ በመርፌና ከራሳቸው በተቀዳ ደም ፊታቸውን የተሠሩ ሴቶች ኤችአይቪ እንደያዛቸው ይገልጻል። የጉበት ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ቤት ውስጥ የሚሽከረከረውን ሮለር እህትማማቾች የሚዋዋሱት ነገር መቆም አለበት። የ0.2 ሚሊሜትሩ ሮለር ግንበኞቹ ጋ አይደርስም፤ የረዘመው ደግሞ በሌላ ሰው ደም የተነካካ ሊሆን ይችላል።

ችግራችሁ ጎድጓዳ ጠባሳ ከሆነ ይህ ሕክምና በጣም ይረዳችኋል፤ በደስታ እሠራዋለሁ። ችግራችሁ ማዲያት ከሆነ ግን ከመርፌ አትጀምሩ። ማዲያት በፀሐይ፣ በሆርሞንና በሙቀት የሚመላለስ ነገር ነው፤ የሚይዘውም ሰንስክሪንና ሐኪም ያዘዘው ቅባት ነው። አለርት ሆስፒታልም ሆነ ቅርባችሁ ያለ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ ታዩ።