ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ስለ ጥንቱ ትምህርት ቤት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። እዚያው ሐይቁ ዳር የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ሊሳለም የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ ታሪኩ ሲወራ ግን የሚደባለቅ ነገር አይጠፋም። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የቤተ ክህነት ትምህርት ጎንደርና ጎጃም ነው፤ ወሎ ከየት መጥቶ?»

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ጎንደር መናገሻ የሆነችው በ1636 ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው ሐይቅ ላይ ወንበር የዘረጉት ግን በ1248 ገደማ ነው። አራት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል! በቅኔም ቢሆን ስመ ጥሩው የዋድላ ቤት የወሎ ነው።

«አቡነ ተክለ ሃይማኖት የደብረ ሊባኖስ ናቸው፤ ከሐይቅ ጋር ምን አገናኛቸው?»

ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት የኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ሐይቅ ለዓመታት ተምረው፣ ወደ ደብረ ዳሞ ተሻግረው፣ ከዚያ ነው ወደ ሸዋ የተመለሱት። የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም የሐይቅ ተማሪ ናቸው።

«ቤተ ክርስቲያኑንም የተከሉት ኢየሱስ ሞዐ ናቸው»

በገዳሙ ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቸው በፊት፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለ ነው። የእሳቸው ሥራ ማኅበረ መነኮሳቱና ትምህርት ቤቱ ነው።

«ሕንፃው ራሱ የዚያን ዘመን ነው»

የዚያን ዘመን ምስክር የሚፈልግ ሰው ግድግዳውን ሳይሆን ብራናውን ይጠይቅ። ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዛሬም አለ። የራሳቸው ሥዕል በውስጡ ይገኛል። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ተጽፎበታል። እንግዲህ በዚያ ዘመን መጽሐፍ በዝርዝር ይያዝ ነበር ማለት ነው፤ ትምህርት ቤትነቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ?

«ደሴት ነው»

ድሮ አዎ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ሲያየው ደሴት ነበር። ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል፤ በእግር ይገባል።

«መነኮሳቱ ከቤተ መንግሥት የራቁ ነበሩ»

እንዲያውም የሐይቁ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ ከንጉሡ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ዓቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ከቤተ መንግሥቱ ኃያላን አንዱ ነበሩ።